ሰደርያ የለበሰው ቁጥር

ጥድፊያ ቁጭ ማለት አትችልም። ይህን እናቷም፣ አስተማሪዋም፣ አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅም ያውቃሉ። ወንበሯም ሳያውቅ አይቀርም፤ አንድ እግሩ ከላላ ሁለት ወር አልፎታል። እውነተኛ ስሟ የሚታወሰው ስም ሲጠራ ብቻ ነው። ከዘበኛው እስከ አንደኛ ክፍል ሕፃናት ድረስ ሁሉም «ጥድፊያ» ነው የሚሏት። ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ አምስተኛ ክፍል ናት። የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ግን ወንበሩን የሚያነቃንቀው የቆየ አመሏ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ስለሞላ፣ አምስተኛ ክፍሎች በሙሉ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ወደ አዲሱ ሕንፃ እንዲዛወሩ ተወስኗል። አዲሱ ሕንፃ ከመኖሪያ ቤቶቹ ወገን ነው፤ መንገድ መሻገር የለበትም። አሮጌው ግን ከትልቁ መንገድ ማዶ ነው፤ የጭነት መኪኖች ከድንጋይ መፍጫው ጠጠር ጭነው የሚከንፉበት መንገድ። እስካሁን ትንንሾቹን እጃቸውን ይዘው የሚያሻግሩት አምስተኛ ክፍሎች ነበሩ፤ በአሮጌው ግቢ ከእነሱ የሚበልጥ ተማሪ የለም። ሰኞ እነሱ ሲሄዱ ስድሳ ምናምን ሕፃናት ጠዋት ጠዋት በራሳቸው ሊሻገሩ ነው። ዘበኛው ከበሩ እንዳይነቃነቅ ታዟል። ሕንፃ ለማዛወር ሦስት ስብሰባ የተቀመጡት ትልልቅ ሰዎች፣ ሕፃናቱን ማን ያሻግራቸው ብሎ ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ አላገኙም።

ከስድሳዎቹ አንዱ የጥድፊያ ወንድም ነው። ዱባ ይሉታል፤ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ክብ ነው፣ አይቸኩልም። እግዜር ችኮላውን ሁሉ ለእህቱ ሰጥቶ ጨርሶ ለእሱ ምንም ያላስተረፈ ይመስላል። እናታቸው የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ስለሆነች ጎሕ ሳይቀድ ትወጣለች፤ ዱባን አጥባ፣ አልብሳ፣ እጁን ይዛ የምታደርሰው እህቱ ናት። ጥድፊያ ሰዓት ይዛ ለክታዋለች፦ መንገዱን ለመሻገር ዐሥራ አንድ ሴኮንድ ይፈጅበታል። ሌሎች በስምንት ይሻገራሉ። ዱባ ግን መሃል ላይ ሲደርስ ቆሞ ካልሲውን ይስባል።

«ለምን መሃል ላይ?» ብላ ጮሃበት ታውቃለች።

«እዚያ ስደርስ ነዋ የሚወርደው፣ እታለም።»

ድንጋይ መፍጫው በኩል ያለው ኩርባ ከመሻገሪያው መቶ ሜትር ይርቃል። መኪናው ከኩርባው ብቅ ብሎ መሻገሪያው ላይ ለመድረስ ስንት ሴኮንድ ይፈጅበታል? ከዐሥራ አንድ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ለሌላ ሰው የሒሳብ ጥያቄ ነው፤ ለጥድፊያ ግን ወንድም ይኖረኛል ወይስ አይኖረኝም ማለት ነው።

ክፍሉ ሁለት ሳምንት ሙሉ መኪና ሲለካ የሰነበተውም ለዚሁ ነበር። ባሕር ማዶ ያለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ እዚያም አምስተኛ ክፍል፣ በደጃቸው የሚያልፉ መኪኖችን ፍጥነት የሚለኩበት ፕሮግራም በታብሌት ላይ ነበራቸው፤ ይህንኑ ለእነ ጥድፊያ ላኩላቸው። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ሃምሳ ሜትር የሚራራቁ ሁለት የመብራት ምሰሶዎች ይመረጣሉ፤ የመኪናው የፊት ጎማ የመጀመሪያውን ሲያልፍ ታብሌቱን ይጫናሉ፣ ሁለተኛውን ሲያልፍ ደግመው ይጫናሉ፣ ሴኮንዱና ፍጥነቱ ይወጣል። የሁለቱም አገር ልጆች ውጤቱን አንድ ሰንጠረዥ ላይ ያሰፍራሉ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ በቪዲዮ ይገናኛሉ። ትልልቆቹ ይህን «የማኅበረሰብ አገልግሎት» ብለው ሰየሙት። ራሳቸው ሊሠሩት የሚገባውን ሥራ ለልጅ ሲሰጡ የሚያወጡለት ስም ነው።

የባሕር ማዶዎቹ ወላጆች ፕሮግራሙን ብቻ አልላኩም፤ ስምንት ቢጫ አንጸባራቂ ሰደርያዎችም ጨመሩበት። ዳይሬክተሩ ሰደርያዎቹን ሲያይ ዓይኑ በራ። «ያለዚህ ማንም እንዳይወጣ!» አለ። ፎቶ አስነሣቸው። «ተማሪዎች በሥራ ላይ» የሚል ሰሌዳም አሠራላቸው።

እና ውጤቱ ወጣ። አማካይ ፍጥነት፦ ሃያ ስድስት ኪሎ ሜትር በሰዓት። በትምህርት ቤት አካባቢ የተፈቀደው ሠላሳ ነው። ዳይሬክተሩ ሪፖርቱን ማኅተም መትቶ ለማዘጋጃ ቤቱ ላከና በበሩ ላይ ጨርቅ ሰቀለ፦ «ለሌሎች አርአያ የሆነ መንገድ»። ሐሙስ ዕለት የመንገድ መሐንዲሱ መጥቶ፣ የልጆቹን ሥራ አይቶ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ያስፈልግ እንደሆነ ሊወስን ቀጠሮ ተይዟል። አርአያ ለሆነ መንገድ ደግሞ ጉብታ የሚሠራ መሐንዲስ የለም።

ጥድፊያን ያሳበዳት ይህ ነበር። መንገዱን ታውቀዋለች። በየጠዋቱ የመኪኖቹ ነፋስ ቀሚሷን ይገልበዋል፤ ባለፈው ወር አንዱ መኪና የጋዜጣ ሻጩን ጠረጴዛ እግር ገንጥሎ ሄዷል። ቁጥሩን ግን የለካችው ራሷ ናት። በገዛ ጣቷ። አላጭበረበረችም። ታዲያ ጣቷ ነው የዋሸው ወይስ ዓይኗ?

ያን ማክሰኞ ቪዲዮው ተከፈተ። የባሕር ማዶዎቹ መሪ ዐሥር ዓመት የሆነው፣ ክፍል ውስጥም ኮፍያውን የማያወልቅ ልጅ ነው፤ እነ ጥድፊያ ባለ ኮፍያው ይሉታል። የሚናገረውን አስተርጓሚ ፕሮግራም ነው ወደ አማርኛ የሚመልሰው፤ ድምፁ ደግሞ ቀልዱንም መርዶውንም እኩል የሚያነብ፣ ደረቅ የቢሮ ሰው ድምፅ ነው።

«የጭነት መኪኖቻችሁን አየናቸው» አለ ድምፁ። «ከአያቴ ብስክሌት ያነሱ ናቸው። ታመዋል?»

ባሕር ማዶ ያለው ክፍል በሙሉ ሳቀ። እዚህ ማንም አልሳቀም።

«አልታመሙም» አለ ክፍሉ ውስጥ ጠበቃው የሚባለው ልጅ፤ ከአስተማሪም ከዘበኛም ጋር የሚከራከር ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት። «እኛ በትክክል ነው የለካነው። ማስረጃ አለን።»

«ማስረጃውን አሳዩን።»

የሳይንስ መምህሯ ሲለኩ የቀረጸቻቸውን ቪዲዮ ላከችላቸው። ባለ ኮፍያው ወደ ስክሪኑ ተጠጋ፤ ኮፍያው ብቻ ነበር የሚታየው። በቪዲዮው ላይ ስምንት ልጆች ቢጫ ሰደርያ ለብሰው እንደ ዘብ ተሰልፈዋል፣ አንዱ ሰሌዳ ይዟል፣ ዳይሬክተሩ ከኋላ እጁን አጣምሮ ቆሟል። መኪና ሲመጣ መብራቱን ያበራል፤ ሃያ ሜትር ሲቀረው ፍሬን ይይዛል፤ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ያያቸዋል። ከዚያ ቀስ ብሎ ያልፋል። ካለፈ በኋላ ሞተሩ ያጓራል።

«እኛ ስንለካ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበርን» አለ ድምፁ። «ከመስኮቱ ጀርባ። ማንም አያየንም ነበር። ሰደርያውን የላክንላችሁ ስትሻገሩ እንድትለብሱት ነው።»

ጥድፊያ ብድግ አለች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ብድግ አለች።

«የለካነው መኪናውን አይደለም» አለች፤ ጉንጯ እሳት መስሏል። «ሰደርያውን ነው የለካነው!»

መምህሯ በዕረፍት ሰዓት ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄደች። ጥድፊያ ተከተለቻት፤ ተመለሺ ብትባልም አልሰማችም፣ በሩ ሥር ቆማ ጆሮዋን ሰጠች።

«ዳይሬክተር፣ የላክነው ቁጥር ስሕተት ነው።»

«ስሕተት? ማን ነው የለካው?»

«እኛ።»

«እንግዲያው የተሳሳታችሁት እናንተ ናችሁ፤ ቁጥሩ ምን በወጣው?»

«አንድ ከሰዓት ይስጡን፣ ደግመን እንለካ። ያለ ሰደርያ፣ ተደብቀን።»

«ተማሪ ይዘሽ ልትደበቂ? እኔ ማኅተም መትቼ ልኬያለሁ፣ እመቤት። ማኅተም ያረፈበት ቁጥር አይቀየርም። ደግሞስ ስንት ትምህርት ቤት መንገዱ አደገኛ ነው ብሎ ያለቅሳል፤ የእኛ ጥሩ ሆነ ብለሽ ነው የምትናደጂው?» ታብሌቶቹን ሰብስቦ ለሐሙስ ዝግጅት ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈባቸው።

እንዲህ ያለ ሰው በየአገሩ አለ። ክፉ አይደለም፤ ሕፃን እንዲሞት አይፈልግም። የሚፈልገው የተሰቀለው ጨርቅ እንዳይወርድ ብቻ ነው። ስንት ሕፃን የተቀበረው በክፉዎች እጅ ሳይሆን ጨርቅ ማውረድ በከበዳቸው ሰዎች እጅ እንደሆነ የቆጠረ የለም።

መምህሯ ስትወጣ ጥድፊያን በሩ ላይ አገኘቻት። አልተቆጣቻትም። ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች፤ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።

«ካሜራው ይሠራል» አለች። «ነገ ከትምህርት በኋላ። ለእናትሽ ንገሪ፣ ተደብቀሽ እንዳትመጪ።»

ማታ ጥድፊያ ለእናቷ ነገረች። እናቷ እጇን በቅባት እያሸች ሰማቻት፤ የእጇ ቆዳ በሳሙናና በሙቅ ውኃ ብዛት ተላልጧል።

«ዱባ ስንት ሴኮንድ ነው ያልሽኝ?»

«ዐሥራ አንድ።»

«ካልሲውን ብሰፋለትስ?»

«እማ፣ ካልሲው አይደለም!»

«አውቃለሁ እንዳልሆነ» አለች እናቷ። ግን መርፌና ክር ማውጣቷ አልቀረም።

ረቡዕ ከሰዓት መምህሯ፣ ጥድፊያና ጠበቃው ከመሻገሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ወዳለው ጎሚስታ ሄዱ፤ ሁለቱ ምሰሶዎች ከዚያ በደንብ ይታያሉ። ጎሚስታው የተነፈሰ ጎማ ላይ ጎንበስ ብሎ ይታገላል። ሱቁን የሚከፍተው ረፋድ ላይ ስለሆነ የጠዋቱን የሕፃናት መሻገር አያየውም፤ የቀረውን ቀን ግን መንገዱን ከሱ በላይ የሚያውቀው የለም።

«ጋሼ፣ ጎማው ውስጥ እንደበቅ?» አለች ጥድፊያ፣ ሰላምታውን ዘላ።

«ከማን? ከፖሊስ ከሆነ ቦታ የለኝም። ከሚስት ከሆነ እኔ ራሴ ይዤዋለሁ።»

መምህሯ አስረዳችው። ጎሚስታው ቀና ብሎ ላቡን በክንዱ ጠረገና ሳቀ።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ እኮ ሳያችሁ ነበር። ያን ቢጫ ለብሳችሁ ስትሰለፉ ሾፌሮቹ ከሩቅ መብራት ይሰጣጡ ነበር፤ ትራፊክ አለ ማለታቸው ነው። እንደዚያ ሰሞን በእርጋታ ሲነዱ አይቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» አለ ጠበቃው ተቆጥቶ።

«የተማራችሁ መስላችሁኝ ነዋ።»

ጥድፊያና ጠበቃው አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጎማ ቁልል ውስጥ ገቡ። ላስቲክና የዘይት ሽታ ነው፤ ከላይ ሰማይ ይታያል፣ በመሃል ባለው ክፍተት መንገዱ። የመምህሯን ስልክ ክፍተቱ ላይ አስደግፈው ቀረጹ። ጥድፊያ መቅረጹን ትታ በአፏ ትቆጥራለች፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አለፈ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አለፈ። በቢጫው ሰደርያ ጊዜ እስከ ሰባት ትደርስ ነበር።

«ትንሽ ዝም በይ» ይላል ጠበቃው።

«ሦስት ነው! ሰማኸኝ? ሦስት!»

«ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ውስጥ ነው የምትጮኺው።»

መኪኖቹን ከቪዲዮው ላይ አንድ በአንድ ለመለካት ጊዜም ታብሌትም አልነበራቸውም። መምህሯ ወደ መምህራን ክፍል ሮጣ ቪዲዮውን ለባሕር ማዶዎቹ ላከች፤ የእነሱ ሰዓት ከዚህ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር ገና ትምህርት ላይ ነበሩ። ባለ ኮፍያው መኪኖቹን ለሠላሳ ልጅ ከፋፈላቸው፤ ለአንድ ልጅ አራት አራት መኪና። መቶ ሃያ መኪና። ሰንጠረዡ በተሰነጠቀው ስልክ ላይ በዓይናቸው እያዩት ይሞላ ጀመር፦ ሃምሳ አራት፣ ስድሳ አንድ፣ ሰባ፣ አርባ ዘጠኝ፣ ስድሳ ስድስት። መጨረሻ ላይ ከሥር አንድ ቁጥር ወጣ። አማካይ፦ ስድሳ። ቀጥሎ የባለ ኮፍያው መልእክት፦ «ስለ አያቴ ብስክሌት የተናገርኩትን አንሥቻለሁ።»

ጥድፊያ መሬት ላይ በጣቷ አሰላች። በስድሳ የሚመጣ መኪና ከኩርባው መሻገሪያው ላይ የሚደርሰው በስድስት ሴኮንድ ነው። ዱባ ዐሥራ አንድ። መልሱን ደግማ አሰላችው፤ ያው ነው። ያን ምሽት ራት አልበላችም፣ ዱባ የእሷንም በላላት።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። መሐንዲሱ ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ፋይል ይዞ፣ ሰዓቱን እያየ መጣ። ስምንቱ ልጆች ሰደርያ እንዲለብሱ ታዘው ለብሰዋል። ባሕር ማዶዎቹ በስክሪኑ ላይ ናቸው። ጥድፊያ ሪፖርቱን እንድታነብ ተመርጣለች፤ ዳይሬክተሩ ወረቀቱን በእጁ ሰጥቷታል።

ወረቀቱን አጠፈችው።

«ሃያ ስድስት የሚለው ውሸት ነው» አለች። «አልዋሸንም፣ ግን ውሸት ነው። እኛ ቆመን ሲያዩን ሃያ ስድስት ይነዳሉ። ትናንት ተደብቀን ቀረጽን። ስድሳ ነው።»

ዳይሬክተሩ ሳል ያዘው። መሐንዲሱ ፋይሉን ከፈተና ማኅተሙን አየ።

«የትኛውን ልመን? ሁለቱንም የለካችሁት እናንተ ናችሁ። አንዴ የተሳሳተ ሁለቴ አይሳሳትም?»

«ሁለቱም እውነት ነው፣ ጋሼ» አለ ጠበቃው። «ሰው ሲያየው አንድ፣ ሳያየው ሌላ።»

ዳይሬክተሩ እዚህች ጋ ነፍስ ዘራ። ብድግ ብሎ እጁን አነሣ። «እኮ! ልጆቹ ሲቆሙ መኪኖቹ ቀስ ይላሉ ማለት ነው! መፍትሔው እጃችን ላይ ነው። አምስተኛ ክፍሎች በየጠዋቱ በተራ መጥተው፣ ሰደርያቸውን ለብሰው መንገዱ ዳር ይቆማሉ። የማኅበረሰብ አገልግሎት ማለት ይህ ነው!»

አዳራሹ አጨበጨበ። አጨበጨበ እኮ! ወላጆች፣ መምህራን፣ ከማዘጋጃ ቤቱ የመጣችው ጸሐፊ። አንድ ክምር አስፋልት ከማፍሰስ ስምንት ሕፃን መንገድ ዳር ማቆም ብልኅነት ሆኖ ታያቸው። መሐንዲሱም ፋይሉን ሊከድን እጁን ሰደደ።

«እኛ ጉብታ አይደለንም!»

ጭብጨባው ተቆረጠ። ጥድፊያ ሰደርያውን በጭንቅላቷ በኩል ጎትታ አወለቀችው፣ ፀጉሯ ቆመ። «እኔም ትምህርት አለኝ። ሰኞ አዲሱ ሕንፃ ነው የምገባው። ወንድሜ ብቻውን ነው የሚሻገረው፣ ዐሥራ አንድ ሴኮንድ ይፈጅበታል፣ መኪናው በስድስት ይደርስበታል። ጉብታ ነው የጠየቅነው። ጉብታ ይሥሩልን!»

«ልጄ» አለ መሐንዲሱ፣ ድምፁን አለስልሶ፤ «ጉዳዩ ለኮሚቴ ይቀርባል። ኮሚቴው ሦስት ወር...»

«እርስዎ ይለኩት።»

«ምን?»

«እኛን ካላመኑን እርስዎ ራስዎ ይለኩት። መለካት አይችሉም?»

ከወላጆች መካከል አንዱ «ኧረ ይቺ ልጅ!» አለ። የመሐንዲሱ ጆሮ ቀላ። «እኔ መንገድ ስለካ አስተማሪሽ ጡት ትጠባ ነበር» አለ።

«እንግዲያው አይከብድዎትም።»

ወረደ። ወደ ጎሚስታው ንዴቱ ነው ያወረደው፤ ምን አውቃ ነው ብሎ። ዳይሬክተሩ ሰደርያ ይዞ ሲከተለው «ተወኝ!» ብሎ ጮኸበት። ጎሚስታው ጥቁሩን ሱፍ ከላይ እስከ ታች አየና «ጌታው፣ ይህን ልብስ ዛሬ ቅበሩት» አለ። መሐንዲሱ ጎማው መሃል ገብቶ ተኮራመተ፤ ተከትላው የመጣችው ጥድፊያም ከጎኑ ገባች። መምህሯ ታብሌቱን ሰጠችው፤ የሚለካው ቁጥር በሰንጠረዡ ላይ ቀጥታ ስለሚወጣ ባሕር ማዶዎቹም በስልኳ ቪዲዮ ያዩታል።

የመጀመሪያው መኪና አለፈ። ተጫነ። ሃምሳ።

«ጣትዎ ዘገየ» አለ ደረቁ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ። «ግማሽ ሴኮንድ።»

«ማነው ይሄ?»

«ባለ ኮፍያው ነው» አለች ጥድፊያ።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ዐሥር።»

«ኮፍያውን አውልቆ ያናግረኝ!» አለ መሐንዲሱ። ቢሆንም ለቀጣዩ ጣቱን አሰናዳ። ሃምሳ ዘጠኝ። ስድሳ ሁለት። ክራባቱን አላላ። አምስተኛው ላይ መናገር አቆመ፤ ዐሥረኛው ላይ ፋይሉን መሬት ላይ ጥሎታል። ይህ ሰው ፊርማ ላይ ፊርማ ሲደራርብ ኖሮ፣ በገዛ እጁ አንድ ነገር ከለካ ስንት ዓመት እንደሆነው ማን ያውቃል። «አንድ ተጨማሪ» ይላል። «ያቺን ቀይዋን።» ሰማንያ አንድ። በጥርሱ መሃል ተሳደበ፣ ልጆች መኖራቸውን ረስቶ።

ያን ጊዜ ደወሉ ተደወለ። አንደኛ ክፍሎች ተለቀቁ። አምስተኛ ክፍሎች ግን፣ የሚያሻግሩት፣ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እንግዳው እስኪመለስ ማንም ከወንበሩ እንዳይነሣ ተብሏል። ይህን ማንም አላሰበበትም ነበር። ጥድፊያም አላሰበችበትም። ያሰበችው ቀና ስትል ነው፤ ዱባ ከትምህርት ቤቱ ወገን ባለው ዳር፣ ቦርሳው ከጀርባው እየበለጠ፣ ብቻውን አንድ እግሩን አስፋልቱ ላይ አስቀምጧል።

መሮጥ ፈለገች። እግሯ ጎማው ውስጥ ነበር። ብትጠራውስ? ከጠራችው መሃል ላይ ቆሞ ይዞራል። አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

መሐንዲሱም አይቶታል። ጣቱ የለመደበትን አደረገ፦ ልጁ ሲራመድ ተጫነ። ዱባ ሄደ፣ ሄደ፣ መሃል ላይ ደረሰ፣ ቆመ። ካልሲው በክር ተሰፍቷል፤ አልወረደም። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ሳበው፣ ልማዱ ነዋ። ቀና አለ። ሄደ። ወጣ።

መሐንዲሱ ተጫነ። «ዐሥራ አንድ» አለ፣ በሹክሹክታ።

ዱባ ከዳር ሆኖ ቦርሳውን ሲያስተካክል ከኩርባው አንድ ጠጠር የጫነ መኪና ብቅ አለ። መሐንዲሱ ልማዱ ሆኖ ይህንንም ለካው፣ ከኩርባው እስከ መሻገሪያው። ቁጥሩን ለማንም አልተናገረም። ታብሌቱን ለመምህሯ መለሰና ከጎማው ለመውጣት ሞከረ፤ በመጀመሪያው አልተሳካለትም፣ በሁለተኛው ጎማውን ተደግፎ ወጣ።

«ያንቺው ነው?» አላት ጥድፊያን።

«ወንድሜ ነው።»

ፋይሉን ከመሬት አንሥቶ፣ የጎሚስታውን የመሣሪያ ሣጥን ጠረጴዛ አድርጎ ጻፈ። ሃያ ስድስትን ሰረዘ፣ ማኅተሙ ላይ። ከላዩ የራሱን ልኬት አሰፈረ። «አስቸኳይ ሥራ» ብሎ ፈረመ። ለካ አስቸኳይ ለሆነ ሥራ ኮሚቴ አያስፈልግም ነበር! ሥልጣኑ ሲጀመርም በእጁ ነበር፤ አዳራሽ ሲገባም በኪሱ ይዞት ነበር። ሦስት ወር ያለው አፉ የለመደው ቃል ስለሆነ ነው። ሰው የሚሞተውም በዚህ ነው፣ አፍ በለመደው ቃል።

«የተማሪዎቹን ቁጥር ነው የተቀበሉት?» አለ ዳይሬክተሩ፣ ሰደርያውን እንደያዘ።

«የእነሱን አይደለም። የራሴን ነው» አለ መሐንዲሱ። ከዚያ ሱሪውን አየና «ልኬታቸው ግን ትክክል ነው» ብሎ ጨመረ።

ጥድፊያ አላመነችውም። ዓርብ ሁለቴ ሄዳ መንገዱን አየች፤ ምንም የለም። ቅዳሜ ጠዋት ምንም የለም። ቅዳሜ ከሰዓት የአስፋልት መኪና መጣ፤ ሠራተኞቹ ትኩሱን ጥቁር ነገር ሲያፈሱ፣ ሲደፈጥጡ፣ ሲጨቃጨቁ ከዳር ሆና አፈጠጠችባቸው፣ አንዱ ሠራተኛ «እቴ፣ ተቆጣጣሪ ነሽ?» እስኪላት ድረስ። እሑድ ጉብታውን በእግሯ ረግጣ ሞከረችው።

ሰኞ ማለዳ ዱባን መንገዱ ዳር ድረስ አላደረሰችውም፤ የሁለቱ ግቢ ደወል እኩል ነው የሚደወለው። በራቸው ላይ ተለያዩ። አዲሱ ሕንፃ ቀለም ቀለም ይሸታል፤ ወንበሩ አዲስ ነው፣ እግሩ ጠንካራ ነው፤ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብቻ ሦስት ጊዜ አንቀጫቀጨችው። መምህሩ ሲጽፍ እሷ ትቆጥራለች። ሲያጠፋ ትቆጥራለች። «አንቺ ልጅ፣ ሽንት ቤት ነው የፈለግሽው?» ተባለች። አይደለም አለች።

ዕረፍት ሲሆን የሳይንስ መምህሯ ከአሮጌው ግቢ ደወለችና ስልኩን አዲሱ መምህር ሰጣት።

«ደረሰ?» አለች ጥድፊያ፣ ከሰላምታ በፊት።

«ደርሷል።»

«በሰዓቱ?»

«በሰዓቱ እንኳ አልደረሰም። ዘበኛው ነው ጎትቶ ያስገባው።»

«ምን ሆኖ?»

«መኪኖቹ ጉብታው ላይ ሲደርሱ ለሱ ብለው የሚቆሙ መስሎታል። ከዳር ቆሞ እጁን እያነሣ ሦስት ጊዜ ተሻግሯል፤ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ ደግሞ ሄዶ።»

ጥድፊያ ግድግዳውን ተደገፈች። ሳቅ ይሁን ልቅሶ የማይለይ ነገር ከደረቷ ሊወጣ ታገለ።

«ቲቸር» አለች በመጨረሻ፤ «ንገሪልኝ፣ ዛሬ ቤት ሲመጣ አንገቱን ነው የማንቀው!»